ዝም ማለት መዋሸት ነውን?

አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ይገዛል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ከዕቃው ጋራ የባለቤቱንም ቃል አብሮ ይገዛል፤ ዕቃው በቆየበት ዘመን ሁሉ ምን እንደ ደረሰበት ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና። ነገሩ በልብስና በወንበር ላይ ሲሆን ጉዳቱ ከቅሬታ አያልፍም። በቤት፣ በበቅሎና በመኪና ላይ ሲሆን ግን የብዙ ዓመት ጥሪት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥለን የምናነሣው ጥያቄ ከገበያ የተወለደ ቢሆንም ለገበያተኛ ብቻ የሚተው አይደለም። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ሳይናገር ቢቀር፣ ገዢም የሚያውቀውን ዋጋ ሳይናገር ቢቀር፣ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ ተስማምተው ቢለያዩ፣ ዝምታቸው እንደ ውሸት ይቆጠርባቸዋልን? ወይስ ሁሉም ለየራሱ ዐይን ስላለው ማንም በሌላው አለማወቅ ሊወቀስ አይገባውም?

ጥያቄውን በረቂቅ አነጋገር ብቻ እንዳንይዘው አንድ የታወቀ ነገር ምሳሌ እናድርግ። አንድ ወዳጃችን አስፋልት ከሚያልቅበት ወዲያ ያሉ የንብ ቀፎዎች አሉት። ወደዚያ የሚያደርሰው፣ በአራቱም ጎማ የሚሠራ አሮጌ መኪና መፈለግ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኛም በዕረፍት ቀናችን ከጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከግቢ ወደ ግቢ አብረነው እየዞርን የሻጭንና የገዢን ጠባይ ለመመልከት ችለናል። ወዳጃችን አሮጌውን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአዲሱ ዋጋ ከደመወዝተኛ ዐቅም በላይ ነው። ያገለገለ መኪና ከውጭ እንዳያስመጣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኗል። እንግዲህ የቀረው ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ነው። ከዚህም ሌላ አሮጌው መኪና የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለሌለው፣ ጥቂት ቁልፎችና ብልሃት ያለው የገጠር ከተማ መካኒክ ሊጠግነው ይችላል።

እነዚህ መኪናዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1945 ድረስ አሜሪካኖች ለጦርነቱ ከ600,000 በላይ ጂፕ ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ የምሕንድስና ኀላፊ ሞሪስ ዊልክስ፣ አንግልሲ በተባለችው ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦር ሠራዊት የተረፈ ጂፕ ይሠራበት ነበር። ጂፑ ሲያልቅ በምን ልተካው ብሎ ማሰቡ ላንድ ሮቨርን አስገኘ፤ መኪናውም በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ብረት በራሽን ይከፋፈል ስለ ነበር አካሉን በአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲውን ብቻ በብረት አደረጉት። ጃፓኖችም በ1951 የራሳቸውን ሠርተው በ1954 ላንድ ክሩዘር ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ በብርቱ የሚፈለገው ባለ 40 ቁጥሩ ዐይነት ከ1960 እስከ 1984 ተሠርቷል። ወደ አገራችንም ገብተው መሐንዲሱን፣ ፖሊሱን፣ የአንበጣ መከላከያ ሠራተኛውን አገልግለዋል። ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ የክትባት ሠራተኞች መንገድ እስካለበት ድረስ በእንዲህ ያለ መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር ሄደዋል። እንግዲህ አንዱ አሮጌ መኪና በየእጁ የተላለፈ፣ በየወንዙ የተነከረ፣ በየጋራዡ የተበየደ ነው። የኑሮው ታሪክ በሊብሬው ላይ አይጻፍም።

ብልህ ገዢ ምን ማድረግ ይችላል? ማግኔት ይይዛል። ማግኔቱ የላንድ ክሩዘሩን ላሜራ ካልሳበ ከቀለሙ በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ መሆኑን ያውቃል። የላንድ ሮቨር አካል ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት በላዩ ላይ ምንም አይነግርም፤ ስለዚህ ገዢው ከበታች ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ ይመታል፤ ደኅናው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚነካኩበት ቦታ ርጥበት ገብቶ ነጭ ዱቄት አውጥቶ እንደሆነ ይመለከታል። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ያስተያያል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ እንኳ ብዙ ነገር ይሰወርበታል። ካምቢዮው ሲግል ማርሽ የሚዘል፣ ፍሬኑ በከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ግን የሚከዳ መሆኑን በአንድ ሰዓት ምርመራ ማን ያውቃል? ያንን የሚያውቀው የነዳው ሰው ብቻ ነው።

በሁለት ዓመት ዙረታችን ሦስት ዐይነት ሻጮች አግኝተናል። የመጀመሪያው የሚዋሽ ነው፤ ስለ እርሱ መከራከር አያስፈልግም። ሦስተኛው ሳይጠየቅ ጉድለቱን የሚናገር ነው፤ ስለ እርሱ ኋላ እንመለሳለን። ብዙዎቹና አስቸጋሪዎቹ ግን ሁለተኞቹ ናቸው። ሁለተኛው ሻጭ አይዋሽም። «መኪናው ይኸው፤ አንተም ዐይን አለህ፤ መካኒክህንም አምጣ» ይላል። በዚህም ላይ ሁለት ያገራችን ምሳሌዎች ይረዱታል። አንዱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ነው፤ ጥፋቱን በገዢው ላይ ይጥላል። ሁለተኛው «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ነው፤ ምስጋናውን ለዝምተኛው ይሰጣል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ ስለ ሰው ግዴታ ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶታል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ራብ ወደ ገባባት ወደ ሮዶስ ደሴት ይደርሳል። እህል የጫኑ ሌሎች ብዙ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለተራቡት ሰዎች ይንገራቸው፣ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? ሲሴሮ በዚህ ጉዳይ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጌኔስ፣ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ በቀረው ነገር ዝም ቢል መብቱ ነው፤ አለመናገርና መደበቅ አንድ አይደለም ይላል። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ ስለሆነ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሊቀር አይገባም ይላል። ሲሴሮ ራሱ ያዘነበለው ወደ አንቲጳጥሮስ ነው።

እኛ በበኩላችን የሁለቱንም ክብደት ሳንንቅ ነገሩን በመለየት እንጀምራለን። በገበያ ላይ ያለው ዕውቀት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ስለ ራስ ጉዳይ የሆነ ዕውቀት አለ፤ ስለ ዕቃው የሆነ ዕውቀት አለ። ሻጩ ገንዘቡን ለምን እንደ ፈለገው፣ ምን ያህል እንደ ቸገረው መናገር አይገደድም። ገዢውም በኪሱ ስንት ብር እንደ ያዘ መናገር አይገደድም። ይህ የየራሳቸው ምሥጢር ነው፤ ክርክርና ቅናሽ የሚቆመውም በዚህ ላይ ነው። ስለ ዕቃው የሆነው ዕውቀት ግን የሁለቱም ነው፤ ለመሸጥና ለመግዛት የተገናኙት በእርሱ ምክንያት ነውና። እንግዲህ መለኪያችን ይህ ነው፦ ስለ ዕቃው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ቢያውቅ ኖሮ ውሉን ይተወው ነበርን? ይተወው ከነበረ፣ ውሉን ያስማማው ዝምታው ነው። የሐሰት ቃል ሊሠራ የሚችለውን ሥራ የሠራ ዝምታ ደግሞ ከሐሰት ቃል የሚለይበት ነገር አይታየንም።

በዚህ መለኪያ የፍሬኑ ነገር ክርክር የለውም። ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እንደሚከዳ እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ የሸጠው መኪና ብቻ አይደለም። የተቀደደ ወንበር፣ የተሰነጠቀ መስተዋት ግን ለማንም ግልጽ ስለሆነ ባይናገር አይወቀስም። የሮዶሱ ነጋዴ በመካከል ይቀራል፤ የደበቀው የእህሉን ጉድለት ሳይሆን የገበያውን ወሬ ነው። ገዢዎቹ ጠግበው የሚነግዱ ቢሆኑ ኖሮ ለዲዮጌኔስ እንፈርድ ይሆናል። የተራቡ ስለሆኑ ግን ልባችን ወደ አንቲጳጥሮስ ይሄዳል፤ በሰው ችጋር ላይ የተጨመረ ዝምታ እጅግ ከባድ ነውና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሻጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚወቀሰው እርሱ ብቻ ነው። ስለ ገዢ ዝምታ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። በአንዲት የገጠር ከተማ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት አሉ እንበል። በግቢያቸው ዛፍ ሥር የባላቸው ላንድ ክሩዘር ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል። እርሳቸው የሚያውቁት ቦታ የያዘ ብረት መሆኑን ነው። «ቁራሌ ከሚሰጠኝ ጥቂት ጨምረህ ውሰደው ልጄ» ይላሉ። ገዢው ግን ከበታች ገብቶ አይቷል፤ ሻንሲው ደኅና ነው፤ የሞተሩ ቁጥርም ከሊብሬው ጋራ አንድ ነው። ከዚህ ዐይነት መኪና በሚገባ ታድሶ በአሜሪካ ሐራጅ ከ100,000 ዶላር በላይ የተሸጠ መኖሩን፣ በአዲስ አበባም ፈላጊው ብዙ መሆኑን ያውቃል። የጠየቁትን ከፍሎ ቢሄድ አልዋሸም፤ አልሰረቀም፤ እንዲያውም ተመርቆ ይሄዳል።

ነገር ግን መለኪያችንን እናምጣው። አሮጊቲቱ የሚሸጡት ምን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ በዚያ ዋጋ ይሸጡት ነበርን? አይሸጡትም ነበር። እንዲያውም የእርሳቸው አለማወቅ ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ቁራጭ ብረት የሸጡ መስሏቸው መኪና ሸጠዋል። ሻጭ ስቱኮ የተለቀለቀ መኪና ደኅና አስመስሎ ቢሸጥ የምንቆጣ ሰዎች፣ ገዢ ደኅና መኪና በቁራጭ ብረት ዋጋ ሲወስድ «ዕድለኛ ነው» ብለን ማመስገናችን ሚዛናችን የተዛባ መሆኑን ያሳያል።

«ታዲያ ዕውቀት ዋጋ የለውምን?» የሚሉን ይኖራሉ። «ያ ገዢ ዕውቀቱን ያገኘው ብዙ ዓመት ከሞተር ሥር ተኝቶ፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲፈልግ እየዋለ፣ አገር ላገር እየዞረ ነው። የደከመበትን ለምን በነጻ ይሰጣል?» ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ድካሙ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ግን በግልጽ ሊጠይቅ ይችላል። «እማማ፣ ይህ ቁራጭ ብረት አይደለም፤ የሚፈለግ መኪና ነው። ታድሶ ሲቆም ይህን ያህል ያወጣል፤ ለማሳደሻው ይህን ያህል አወጣለሁ፤ ለድካሜና ቢበላሽብኝም ለኪሣራዬ ይህን ያህል አስቀርቼ የቀረውን ለእርስዎ እሰጣለሁ። ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ያማክሩ» ማለት ይችላል። እንዲህ ብሎ ቢገዛ የዕውቀቱንና የጉልበቱን ዋጋ ሁሉ ያገኛል። የሚቀርበት ከአሮጊቲቱ አለማወቅ ብቻ የሚገኘው ትርፍ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው የእርሱ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው በሕልም ብቻ የሚገኝ እንዳይመስል ሲሴሮ ስኬቮላ የተባለውን የሮማ ሰው ይጠቅሳል። ስኬቮላ አንድ እርሻ ሊገዛ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ሰምቶ፣ እርሻው ከዚህ ይበልጣል ብሎ መቶ ሺህ የሮማ ገንዘብ ጨምሮ ከፈለ።

ሕጋችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢው እያወቀ የገዛውን ጉድለት ግን በሻጩ ላይ አይቆጥርበትም። ያው ሕግ በቁጥር 1710 ላይ፣ ከሰው ችግር፣ ከአእምሮ የዋህነት፣ ከእርጅና ወይም በግልጽ ከሚታይ የንግድ ልምድ ማጣት በመጠቀም የተገኘ ውል፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ያቺ አሮጊት በዚህ ቁጥር ውስጥ ያሉ ይመስለናል። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ከነገሩ በኋላ ነው፤ ምስክርና ጠበቃ፣ ቀጠሮና መንገድ ይፈልጋል። ከነገሩ በፊት በቦታው የሚገኘው ኅሊና ብቻ ነው።

ለኅሊና የማይገደው ሰው እንኳ ስለ ጥቅሙ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001ም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ገዢ ደኅናውን ከመጥፎው ለመለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። እርሱ ሲወጣ የቀሩት መኪናዎች ይከፋሉ፤ ዋጋው እንደ ገና ይወርዳል፤ ከቀሩትም ሻል ያለው እንደ ገና ይወጣል። በመጨረሻ በገበያው ላይ የሚቀረው ማንም የማይፈልገው ነው።

ይህን በዐይናችን አይተነዋል። ሦስተኛው ሻጭ ያልነው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሳይጠየቁ «ካምቢዮው በሁለተኛ ማርሽ ይዘላል፤ ሻንሲው ከኋላ ተበይዷል፤ ሞተሩ ግን ደኅና ነው፤ ይህን አውቀህ ግዛ» አሉ። ወዳጃችን በብዙ ዝምተኞች መካከል የሰነበተ ስለ ነበር «ይህን ያህል የተናገሩ ምን ያህል ደብቀው ይሆን?» ብሎ ትቷቸው ሄደ። ዝምታ በሠለጠነበት ገበያ እውነት ራሷ ትጠረጠራለች። የዝምተኛው ሻጭ ጥፋት አንድ ገዢ በመጉዳቱ አያበቃም፤ እውነት የሚናገረውን ሰው ገዢ ያሳጣዋል። ወዳጃችን ሁለት ዓመት የዞረውም መኪና ጠፍቶ አይደለም፤ የሚታመን ቃል ጠፍቶ ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ማየት ብቻ አይበቃም፤ የሻጩ አገር ይጠየቃል፤ ዋስም ይጠራል። ዋሱ ቢቀር ቢቀር የሻጩን ቃል ከሻጩ ጋራ የሚሸከም ሰው ነው። ዛሬ ሻጭና ገዢ በደላላ ተገናኝተው ተፈራርመው በዚያው ይለያያሉ፤ ሁለተኛም አይተያዩም። የሚተያይ ሰው ያፍራል፤ የማይተያይ ሰው ግን የሚያፍረው ከራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዘመናችን ኅሊና ቀድሞ ዋስና ጎረቤት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ጨምሮ መሥራት ግዴታው ሆኗል።

ይህ ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በተለየ መንገድ ይመለከታል። መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ተሽከርካሪዎቻቸውን በጨረታ ያስወግዳሉ። በአንድ ግቢ ዐሥር መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል እንበል። ከዐሥሩ የአንዱ ሞተር ባለፈው ዓመት መታደሱን፣ የሌላው ሞተር መሰንጠቁን የሚያውቁት መካኒኩና የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ ናቸው። ሁለቱ ለሕዝብ ዝም ብለው ለአንድ ዘመዳቸው ብቻ በጆሮው ቢነግሩት የተጻፈ ሐሰት የለም፤ የተሰረቀ ገንዘብም በመዝገብ አይገኝም። ነገር ግን ከዝምታ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሁሉም የሆነውን ዕውቀት ለአንዱ ሸጧልና። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከታርጋው ቁጥር አጠገብ የታወቀውን ጉድለትና የታወቀውን ደኅንነት መጻፍ። ይህን ለመጻፍ ቀለምና ፈቃድ ብቻ ይበቃል።

በገበያ የተለመደ ዝምታ ተከትሎን ወደ ቢሮ እንደሚገባም እንጠንቀቅ። ያልተሠራውን ሥራ «ተሠራ» ብሎ የማይጽፍ፣ ነገር ግን አለመሠራቱን የማይጠቅስ ሪፖርት፣ ስቱኮ እንደ ተለቀለቀ መኪና ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ በላዩ የሚሄድበት ሰው ግን ቁልቁለት ላይ ያገኘዋል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ሐሰትን ሲያስጠሉ፣ ሐሰት በቃል ብቻ የሚነገር አለመሆኑን አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። ልጅ «አልዋሸሁም» ብሎ ሲመልስ «ዝም ብለህስ ምን አደረግህ?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ይጠየቅ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ለሚሳደብ ሰው፣ ምሥጢር ለሚያባክን ሰው፣ ሳያውቅ ለሚፈርድ ሰው የተነገረ መልካም ምክር ነው፤ በቦታው ይኑር። ሌላው በእኛ ቃል ተማምኖ ገንዘቡንና ሕይወቱን በሚሰጥበት ቦታ ግን ምሳሌው አይሠራም። ከቀለም በታች የተተወ ዝገት ማንም ስላልተናገረው ሥራውን አያቆምም። የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ዝገቱ ይበየዳል፤ ዋጋውም ይስተካከላል፤ ሻጩና ገዢውም ሌላ ቀን በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ።